የመጀመሪያዋ ሌሊት

(ድምፅ፦ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ)

ተራኪ፦ ከፋ ውስጥ ማር የሚወርደው ከላይ ነው። ቀፎው ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ቆራጩ ጭስ ይዞ፣ በገመድ፣ ብዙ ጊዜም በጨለማ ይወጣል። እግሩ ያዳለጠውና በጉልበቱ ያረፈ ሰው መጀመሪያ ወጌሻ ይጠራለታል፤ ካልሆነ ቦንጋ፣ ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይወሰዳል። ከዚያ ካለፈም ጅማ አለ፤ መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

የጉልበት ሎሚ ተሰብሮ ሲጠገን፣ ታማሚው ብዙ ጊዜ ወገቡ ላይ ይወጋና ከዚያ በታች ይደነዝዛል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ይለቃል። ከሰዓት «ምንም አላመመኝ» ያለው ሰው ማታ አንሶላ ነክሶ ይገኛል።

«አባባ፣ ከዜሮ እስከ አሥር ቢሉት ሕመሙ ስንት ነው?» ትላለች ነርሷ።

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

እኛ ሕመም በቁጥር መናገር አልለመደብንም። እውነቱን ለማወቅ ግንባሩ ላይ ያለውን ላብ ማየት ይሻላል።

(ድምፅ፦ የቀዶ ሕክምና ክፍል)

ነርቭ ብሎክ ለዚህች ሌሊት የሚሆን፣ ነርቭ የሚያደነዝዝ መርፌ ነው። የማደንዘዣ ባለሙያው የአልትራሳውንዱን ጫፍ ጭን መሃል፣ በውስጥ በኩል ያሳርፋል። አዎ፣ ብዙዎቻችን ከነፍሰ ጡር ጋር የምናውቀው መሣሪያ ነው። ስክሪኑ ላይ የደም ሥሩ ጥቁር ክብ ሆኖ ይመታል፤ ነርቩ አጠገቡ ነው። መርፌው ከጎን ይገባል፤ መጀመሪያ የሲሪንጁ መግፊያ ወደ ኋላ ይሳባል። ደም ከመጣ መቆም ነው፤ መድኃኒቱ ደም ሥር ከገባ አንጎልንና ልብን ይመታል። ካልመጣ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል።

መድኃኒቱ ቡፒቫኬይን ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ብሎ ከመዘገባቸው አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይይዛል። ብሽሽት ላይ ቢወጋም ያስታግሳል፤ ግን የጭን ጡንቻን ያዝላል። ከዛፍ የወደቀን ሰው ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ ደግሞ መጣል አይገባም። ጭን መሃል ከሆነ ጡንቻው በአብዛኛው ይተርፋል፤ ያም ቢሆን ያለ ደጋፊ አይነሣም።

ብሎክ ሁሉንም ሕመም አይዝም፤ በተለይ ከጉልበት ጀርባ ያለውን። ስለዚህ የማስታገሻ ኪኒኑ አይቋረጥም፣ መርፌውም ሳይለቅ ይዋጣል። ይህን ማወቅ ያለበት አልጋው ሥር ጋቢ ለብሶ የሚያድረው አስታማሚ ነው። ነርሷ ሁለት ነገር ትነግረዋለች፦ ተኝቶም ቢሆን ለኪኒኑ ቀስቅሰው፤ የቡናውን ፔርሙስ ደግሞ ከዚያ እግር አርቀው፣ ቢያቃጥለው አይሰማውም።