በአዋሽ በረሃ በእግር ስለ መሄድ



በሥራ ጉዳይ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የምንመላለስ የመንግሥት ሠራተኞች፤ መተሐራን እንዳለፍን የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ አቋርጠን እንሄዳለን። በመኪና መስኮት የሚታየው እሾህና አቧራ ስለሆነ፤ «ይህ በረሃ ምን ይረባል?» እያሉ የሚያልፉ ብዙዎች ናቸው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ የተከለለ፤ ስፋቱም 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሥፍራ ነው። ምን እንደሚረባ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከመኪናው ይውረድ።

እኔ በዕረፍቴ ቀን፤ ፀሐይ ሳትበረታ፤ ከአንድ የፓርኩ ጠባቂ ጋራ በኢላላ ሳላ ሜዳ በዝግታ ተዘዋወርሁ። ጥቂት እንደ ተራመድን ጠባቂው በእጃቸው ምልክት አስቆሙኝ። ቀንዳቸው እንደ ጦር ቀጥ ያለ ሳላዎች ሣር ይግጡ ነበር። ሳላ ከሚበላው ሣርና ቅጠል ርጥበት ስለሚያገኝ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን ይቆያል። እንሹም ከቁጥቋጦ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆና ትመለከተን ነበር። በስተሰሜን የፈንታሌ ተራራ 2,007 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የግራሩ ነገር ነው። ሜዳው ደርቆ ሳለ ከግራሩ ጥላ ሥር ያለው ሣር ለምለም ነበር። ጠባቂው ሲያስረዱኝ፤ «ጥላው መሬቱን ያቀዘቅዘዋል፤ የረገፈው ቅጠል ያዳብረዋል፤ አውሬውም፤ የከረዩና የአፋር ከብትም በዚህ ይተርፋል» አሉኝ።

እንግዲህ ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። በአውራ ጐዳናው ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ይሸጣል። ከመስክ ሥራ የሚመለሰው ሠራተኛም፤ «ከአዲስ አበባው ይረክሳል» በማለት፤ አንዳንድ ጊዜም በመንግሥት መኪና ጭኖ ይገባል። የዚያ ከሰል ብዙው ትናንት የግራር ጥላ ነበረ። ይህን ማለቴ ሻጩን ለመውቀስ አይደለም፤ ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት ሰው ልጆቹን የሚያበላው ያጣል። በየወሩ ደመወዝ የምንቀበለው እኛ ግን ምን ምክንያት አለን?

ስለዚህ የሥራ ጓደኞቼ ሆይ፤ በዚያ ስናልፍ አራዊት መንገዱን ያቋርጣሉና ሾፌሩን ዝግ እንዲል እንንገረው፤ ከሰሉንም እንተው። ጊዜ ሲገኝ የመግቢያውን ከፍለን፤ ጠባቂ ይዘን፤ ልጆቻችንን አስከትለን አንድ ጧት በእግራችን እንሂድ። ያልረገጡትን መሬት «ባዶ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ በእግር ያወቁትን ግን ለማቃጠል እጅ አይታዘዝም።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ