አንዱ ሲታመም ቤቱ ሁሉ ይታመማል

እናት ወይም አባት በወባ ወይም በሳንባ ምች ቢታመሙ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ልጆችም «እማዬን አሟታል» ብለው ሳያፍሩ ይናገራሉ። ሕመሙ የአእምሮ ሲሆን ግን በሩ ይዘጋል፤ ጠያቂ ይቀንሳል፤ ልጆችም ለሰው እንዳይናገሩ ይመከራሉ።

ይህ ባዶ ግምት አይደለም። በቡታጅራና በአካባቢዋ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሚያስታምሙ 178 ቤተሰቦች ተጠይቀው ውጤቱ በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሟል። ከእነዚህ ውስጥ 75 በመቶ የሚሆኑት በዘመዳቸው ሕመም ምክንያት መገለል እንደሚደርስባቸው ተናግረዋል።

በቤት ውስጥ ደግሞ ሸክሙ ለሁሉም ይከፋፈላል። ታማሚው ሥራ ሲያቋርጥ፣ አስታማሚውም ከሥራ ሲቀር ገቢ ይጎድላል። እናት የታመመች እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቦታዋን የምትይዘው ታላቋ ሴት ልጅ ናት። ውኃ ትቀዳለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ታናናሾቿን አጥባ ትምህርት ቤት ትልካለች፤ ራሷ ግን ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ያዳፋታል። መምህሯ ምክንያቱን ካላወቀ «ሰነፍ» ይላታል። ታናናሾቹ ደግሞ «እማዬ የታመመችው እኔ ስላስቸገርኳት ነው» ብለው በልባቸው ይፀፀታሉ። የሚያስረዳቸው ሰው ከሌለ ይህ ፀፀት አብሯቸው ያድጋል።

ሌላው ሥጋት «በዘር ይተላለፋል» የሚለው ነው፤ በዚህ ምክንያት ጋብቻ እስከ መፍረስ ይደርሳል። የዘር ድርሻ መኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው ብርቱ ሕመም እንኳ ከወላጆቻቸው አንዱ ከታመመባቸው 100 ልጆች 90 ያህሉ በዚህ ሕመም አይያዙም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ለልጆች እንደ ዕድሜያቸው እውነቱን መንገር ይገባል። «አባባን ያመመው አእምሮውን ነው፤ ጥፋቱ የአንተ አይደለም፤ ሐኪም ያየዋል» ማለት ለትንሽ ልጅ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ሕክምናን አለማዘግየት ነው። በተለይ የወለደች እናት በአራስነቷ ቀናት እንቅልፍ አጥታ ከተቅበዘበዘች፣ ሰውን ሁሉ ከጠረጠረች ወይም በራሷና በሕፃኑ ላይ ጉዳት ስለማድረስ ከተናገረች፣ ብቻዋን ሳትተው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ትወሰድ። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የነበረው አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ነው፤ ዛሬ ግን በሌሎች ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም አገልግሎቱ ይገኛል። ጠበል የሚሄድ ሰውም መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ብዙ ታማሚ የሚያገረሽበት «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ሲተው ነው።

አስታማሚም ሰው ነውና ዕረፍት ያስፈልገዋል። ዘመድ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ተራ ቢገባለት፣ እቁቡንና እድሩን ሳይተው፣ እንቅልፉንም ሳያጣ ሊቆይ ይችላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ነገር ግን ቤተሰቡ እንዲደብቅ የሚያስገድደው አብዛኛውን ጊዜ የእኛ የጎረቤቶች ሹክሹክታ ነው። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ቡና ሲፈላ ያችንም ቤት ጥሩ፤ ልጆቿም ከልጆቻችሁ ጋር ይጫወቱ።