ዝም ያለ ይከፍላል

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና ላይ ያገኘኋት የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ስልኳን ከፍታ የባንክ ሒሳቧን አሳየችኝ። በየወሩ 24.99 ዶላር ለጂም ይቆረጣል፤ እሷ ጂሙን ከረገጠች ከርማለች። «ስመዘገብ ታብሌት ሰጡኝ፣ በጣቴ ሞነጫጨርኩ፣ አለቀ። ልውጣ ስል በአደራ ደብዳቤ ላኪ አሉኝ። ላክሁ። ከዚያ ደግሞ ማናጀሩን በአካል አነጋግሪ! ወንድሜ፣ ባሌን ስፈታ እንኳ እንዲህ አልተንከራተትኩም።» ካርዷን አስቀየረች፤ ቆረጣው አዲሱም ላይ ተከትሏት መጣ። «ጠንቋይ አላቸው እንዴ?» ትላለች። ጠንቋይ የለም፤ የካርድ ኩባንያዎች የተቀየረውን ቁጥር ለነጋዴው የሚያደርሱበት አገልግሎት አላቸው።

ነገሩ ከነከነኝና ሥሩን ፍለጋ ገባሁ። ዘዴው ኢንተርኔት የወለደው አይደለም። በ1926 የተቋቋመው «ቡክ ኦፍ ዘ መንዝ ክለብ» (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የታወቀው በዚሁ አሠራር ነበር፦ «አልፈልግም» የሚለውን ካርድ በጊዜው ያልመለሰ አባል፣ የወሩ መጽሐፍ ከነሒሳቡ ቤቱ ይደርሰው ነበር። በ1955 የተጀመረው የኮሎምቢያ የሸክላ ክለብ ያንኑ ወደ ሙዚቃ አመጣው። በኋላማ ሸክላ በሳንቲም እያለ ሲያባብል፣ ደንበኛው እውነተኛ ሳንቲም ካርዱ ላይ በፕላስተር ለጥፎ ይልክለት ነበር። እነዚህን ማስታወቂያዎች ሳገላብጥ እንዳመሸሁ አልክድም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1973 ክለቦቹን የሚገራ ደንብ አወጣ። ኮንግረስም በ2010 የኢንተርኔት ሻጮች «ቀላል» የማቋረጫ መንገድ እንዲያበጁ በሕግ አዘዘ። ቀላሉን ግን እያንዳንዱ ኩባንያ እንደሚመቸው ፈታው። አማዞን የፕራይም አባልነት ማቋረጫውን በውስጥ «ኢሊያድ» ይለው ነበር፤ ስም አውጪው የሆሜርን ረጅም የጦርነት ግጥም ያነበበ ቀልደኛ መሆን አለበት። ኮሚሽኑ በክሱ 4 ገጽ፣ 6 ጠቅታና 15 ምርጫ ቆጥሮበታል።

አንድ የሸማቾች ጉዳይ ኃላፊን እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው ሰዎች አቤቱታ ለማቅረብ እንዴት እንደሚታገዙ ጠየቅሁት። «ድረ ገጹ ላይ ቅጽ አለ» አለኝ። በየትኛው ቋንቋ ስለው ስብሰባ አለብኝ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

በእንዲህ ያለው ክፍያ ላይ ለኮሚሽኑ የሚደርሰው አቤቱታ በ2021 በቀን 42 ገደማ ነበር፤ በ2024 ወደ 70 ተጠጋ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ኮሚሽኑ፣ 3 ለ2 በሆነ ድምፅ፣ መውጫው እንደ መግቢያው ቀላል ይሁን የሚል ደንብ አጸደቀ። ሥራ ላይ ሊውል ቀናት ሲቀሩት፣ ጁላይ 8 ቀን 2025፣ የ8ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። ዳኞቹ የኩባንያዎቹን አሠራር አላሞገሱም፤ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጫና ላለው ደንብ የሚያስፈልገው ቅድመ ትንተና አልቀረበም ነው ያሉት። አማዞን በሴፕቴምበር 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው፣ ጥፋቱን ሳያምን፣ በ2010ሩ ሕግ በቀረበበት ክስ ነው። ደንቡ ስለሌለ ኮሚሽኑ ሌሎቹንም አንድ በአንድ እየከሰሰ መሄድ አለበት፤ የሰፈር ጂም ተራ መቼ እንደሚደርስ እንጃ።