የዘጠነኛ ክፍል ታሪክና የመድረሳው ሲራ፦ ሁለት ደብተር፣ አንድ ዘመን

በየካ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሙስሊም ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ የዓለም ታሪክን በእንግሊዝኛ ይማራል። መጽሐፉ ከሰው ልጅ አመጣጥ ተነስቶ ወደ ግብፅ፣ ሜሶፖታሚያ፣ ግሪክና ሮም ይሻገራል፤ ከዚያ አክሱም፣ ቀጥሎም የእስልምና መነሳት ይመጣል። ያው ልጅ ቅዳሜና እሁድ መድረሳ ሄዶ ሲራ ይማራል፦ የዝሆኑን ዓመት፣ የቁረይሽን ንግድ፣ የሐበሻን ሒጅራ። አንዱ ለፈተና፣ ሌላው ለዲን እየተባለ በሁለት ደብተር ይጻፋል። ብዙ ልጆች ሁለቱ ደብተሮች ስለ አንድ ዘመንና ስለ አንድ አካባቢ እንደሚያወሩ ሳያውቁ ትምህርታቸውን ይጨርሳሉ።

ማገናኘቱ ከሰፈር ሊጀመር ይችላል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወደ እንጦጦ የወጣ ተማሪ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሁለት ውሃዎች የሚለያዩበት ቦታ ላይ ይቆማል። በደቡብ ተዳፋት የዘነበው በቀበና አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል። በሰሜን በኩል የዘነበው በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይወርዳል። አዋሽ ባሕር ሳይነካ አፋር ውስጥ ያልቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳርም በዚሁ ወንዝ ሸለቆ ነው። ዓባይ ደግሞ ደለሉን ተሸክሞ ግብፅ ይደርሳል። የፈርዖኖችን እርሻ ያረሰረሰው ጎርፍ በአብዛኛው የእኛው የክረምት ዝናብ ነበር። ግብፅ ውስጥ ዝናብ እምብዛም እንደማይዘንብ፣ ጥጋቧም ረሃቧም በወንዙ ሙላት ላይ የተመሠረተ እንደነበር የተረዳ ልጅ የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ ሲሰማ ሰባቱ የድርቅ ዓመታት ምን ማለት እንደነበሩ ይገባዋል።

የሰው ልጅ አመጣጥ ምዕራፍ ወላጆችን ያሳስባል፤ ስጋቱም የሚገባ ነው። ልጁን «ዝለለው» ማለት ግን አያዋጣም። ፈተና ላይ ይመጣል፤ ጥያቄውም ከልጁ ጭንቅላት አይወጣም። የሚሻለው ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማስረዳት ነው። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው፦ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት የሚባለው አጥንቱ ከተገኘበት ንጣፍ በላይና በታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ተለክቶ ነው። የእንጦጦ ዓለትም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ሲሆን ዕድሜው ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፤ ተማሪው ድንጋዩን በእጁ ሊነካው ይችላል። ሁለተኛው ያ አጥንት ከእኛ ጋር ምን ዝምድና አለው የሚለው የተመራማሪዎች ማብራሪያ ነው። ሦስተኛው ስለ አደም (ዐ.ሰ) አፈጣጠር ያለን እምነት ነው፤ ምንጩም ወሕይ እንጂ ቁፋሮ አይደለም። ፈተናው የሚጠይቀው ተመራማሪዎች ምን እንዳሉና በምን ማስረጃ እንዳሉት ነው። ይህን የተረዳ ልጅ መልሱን በትክክል ይጽፋል፣ እምነቱም አይናጋም።

ሁለቱ ደብተሮች ከሁሉ በላይ የሚገናኙት ግን በአንድ ካርታ ላይ ነው። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 615 ይሁን። ሮምና ፋርስ ከ602 ጀምሮ እየተዋጉ ነው፤ ሱረቱ አር-ሩም የሚያወሳው ይህንኑ ጦርነት ነው። ፋርሶች በ614 ኢየሩሳሌምን ይዘዋል፤ ሻም የጦር ሜዳ ሆኗል፤ የመን በፋርስ እጅ ናት። ከቀይ ባሕር ማዶ ከዚህ ጦርነት ውጭ ያለው መንግሥት አክሱም ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦቻቸውን ወደ ሐበሻ የላኩበትን ምክንያት ራሳቸው ተናግረዋል፤ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ በመኖሩ ነው። ካርታው ያንን አይተካም። ስደተኞቹ የተጠጉበት አገር ግን በዘመኑ ዓለም ምን ቦታ እንደነበረው ያሳያል። ከዚያ በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ማኒ አክሱምን ከሮምና ከፋርስ ጋር ከአራቱ ታላላቅ መንግሥታት አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። የጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ንግግር የተሰማው እንዲህ ባለ መንግሥት ችሎት ነበር።

ተማሪዎችን የሚያደናግር አንድ ስምም አለ፦ አብርሃ። የካ ተራራ ላይ ያለውን ከዓለት የተፈለፈለ ዋሻ ሚካኤል ትውፊት ከአብርሃ ወአጽብሐ ዘመን፣ ማለትም ከአራተኛው ክፍለ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። መድረሳ የተማረ ልጅ ደግሞ «አብርሃ» ሲባል ትዝ የሚለው የዝሆኑ ባለቤት ነው። እሱ ግን ሌላ ሰው ነው። ንጉሥ ካሌብ በ525 አካባቢ ወደ የመን ባዘመተው ጦር ውስጥ ሄዶ በኋላ ሥልጣን የያዘ የስድስተኛው ክፍለ ዘመን ገዥ ነው፤ በሁለቱ መካከል 200 ዓመት ገደማ አለ።

ዋሻ ሚካኤልን ተመራማሪዎች ከትውፊቱ በብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ የተሠራ ነው ይላሉ። ታዲያ የትኛውን እንያዝ? መጽሐፉ ስለ ታሪክ ምንጮች የሚያስተምረው ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው፤ ልጁ ግን ነገሩን ቀድሞ ያውቀዋል። ኡስታዙ ስለ ኢስናድ ሲያስተምሩ ማን ተናገረ፣ ከማን ሰማ፣ በመካከል የተቆረጠ ሰንሰለት አለ ወይ ብሎ እንዲጠይቅ አስለምደውታል። የታሪክ መምህሩም ይህንኑ ጥያቄ ለዓለቱም ለትውፊቱም እንዲያቀርብ ሊያደርጉት ይችላሉ።