ቀላል የስፖርት መኪኖችና የዘወትር አገልግሎታቸው

መኪናን ለማፍጠን ሁለት መንገድ አለ፤ የሞተሩን ጉልበት መጨመር ወይም ክብደቱን መቀነስ። ጉልበት የሚጠቅመው በአመዛኙ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነው። የኪሎ መቀነስ ግን መኪናው ሲነሳ፣ ኩርባ ሲዞርና ፍሬን ሲያዝ እኩል ይታያል፤ ጎማና ነዳጅም ይቆጥባል።

ይህን ሐሳብ አጥብቆ የያዘው የሎተስ መሥራች እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው ሎተስ ኢላን ከብረት በተሠራ ሻንሲ ላይ የፋይበርግላስ አካል የተገጠመለት ሲሆን ክብደቱ ከ700 ኪሎ በታች ነበር። ሞላው ለስላሳ መሆኑ ብዙዎችን አስገርሟል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ከባድ መኪና ኩርባ ላይ እንዳያዘነብል ጠንካራ ሞላ ይፈልጋል፣ ጠንካራ ሞላ ደግሞ በሻካራ መንገድ ላይ ተሳፋሪን ያንገላታል። ቀላል መኪና ይህን ቅጣት መክፈል የለበትም። የስፖርት መኪናን በየቀኑ ለመንዳት የሚያስችለው ዋናው ምስጢር እዚህ ላይ ነው።

በ1996 የወጣው ሎተስ ኢላይዝ የአሉሚኒየም ክፍሎችን በብየዳ ሳይሆን በማጣበቂያ አያይዞ ክብደቱን ወደ 725 ኪሎ አወረደ። ይሁንና የሻንሲው የጎን ክፍል ከፍ ያለ በመሆኑ መግባትና መውጣት አስቸጋሪ ነበር፤ በ2000 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ይህን ዝቅ አደረገው። የጣሊያኑ አልፋ ሮሜዮ 4ሲ ደግሞ 65 ኪሎ ብቻ በሚመዝን የካርቦን ፋይበር አካል ላይ ተሠራ። መሪውን የሚያግዝ መሣሪያ ግን አልነበረውም፤ በከተማ ውስጥ ማቆሚያ ፍለጋ ለሚዞር ሰው ይህ ቀላል ድካም አይደለም።

ቀላልነትንና የዘወትር ምቾትን ከሁሉም በተሻለ ያስታረቀው የፈረንሳዩ አልፒን ኤ110 ነው። ዣን ሬዴሌ በዲየፕ ከተማ የመሠረተው የአልፒን ኩባንያ በ1973 የመጀመሪያውን የዓለም ራሊ የአምራቾች ዋንጫ ወስዷል። በ2017 በአዲስ መልክ የቀረበው ኤ110 1,100 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 1.8 ሊትር ሞተሩ 252 የፈረስ ጉልበት አለው። ቁጠባው የተገኘው ከትንንሽ ነገሮች ነው። እያንዳንዱ መቀመጫ 13 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ የእጅ ፍሬኑም ራሱን የቻለ መሣሪያ ሳይጨመርለት ከኋላው ፍሬን ጋር ተዋህዷል። ሞላው እንደ ኢላን ለስላሳ ነው፤ ካምቢዮውም አውቶማቲክ ነው። የሻንጣ ቦታው ግን ከፊትም ከኋላም ጠባብ ነው፤ ለሁለት ሰው የቅዳሜና እሁድ ጉዞ እንጂ ለቤተሰብ አይሆንም።

እንዲህ ያሉ መኪኖች በጥቂት ቁጥር ስለሚመረቱ ውድ ናቸው፤ የራሱን ሞተር ከባዶ ለመሥራት የሚችል ትንሽ አምራችም እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ኢላይዝ በመጀመሪያ የሮቨርን፣ ኋላም የቶዮታን ሞተር ተጠቀመ። የጀርመኑ አርቴጋ ጂቲ ከፎልክስቫገን በወሰደው ሞተር 300 የፈረስ ጉልበት አገኘ። የታወቀ ሞተር ለባለቤቱም ጥቅም አለው፤ መለዋወጫና መካኒክ ፍለጋ ብዙ አያንከራትትም። ኩባንያውን ከገበያ አደጋ ግን አያድንም፤ አርቴጋ ይህን መኪና ማምረት በ2012 አቁሟል።

ቀላል የስፖርት መኪና ኤሌክትሪክ ሲሆን ግን ትልቁ ፈተና ባትሪ ነው። በ2008 ገበያ ላይ የዋለው የመጀመሪያው ቴስላ ሮድስተር የኢላይዝን የአሠራር ዘዴ ተውሶ በሎተስ ፋብሪካ ይገጣጠም ነበር። ባትሪው ብቻ 450 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን መኪናው ከመጀመሪያው ኢላይዝ በ500 ኪሎ ገደማ ከብዶ ወጣ።