ተጨማሪ መረጃ፦ ከሥራ ላይ ጉዳት በኋላ ጠበቃ ሲመረጥ

እጁን ማሽን የቆረጠው ሠራተኛ ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ «ጉዳይህን እኔ እጨርስልሃለሁ፣ ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ማሰናበት ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚከራከር ጠበቃ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ ሊኖረው ስለሚገባ፣ ፈቃዱን እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጉዳዩን የሚያውቅ ጠበቃ ከክፍያ በፊት የአደጋውን ቀን ይጠይቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር፣ ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ክስ በአንድ ዓመት በይርጋ ይታገዳል። ከዚያም የደመወዝ ማስረጃና የሐኪም ወረቀት ይፈልጋል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በመርሕ ደረጃ ለጉዳቱ ኃላፊ መሆኑን ያልነገረ ጠበቃ ሕጉን አላነበበም ማለት ይቻላል።

ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። «ለዳኝነት» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ጠበቃ ገና ከጅምሩ እምነት አጉድሏል። የጠበቃው አበል ግን ሌላ ነው፤ መጠኑና የሚከፈልበት ጊዜ በጽሑፍ ይስፈር።

ከሁሉ በላይ የውክልና ሰነዱ ቃል በቃል ይነበብ። «ገንዘብ ለመቀበል» እና «ለመታረቅ» የሚሉ ሐረጎች ካሉበት፣ ጠበቃው ከአሠሪው ጋር በትንሽ ብር ተስማምቶ ካሣውን በራሱ እጅ ሊረከብ ይችላል። ተጎጂው እነዚህን የማስቀረት መብት አለው። ማንበብ ካልቻለም የሚያምነው ዘመድ ያንብብለት።

አቅም የሌለው ሠራተኛ የሠራተኛ ማኅበሩን ወይም በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚገኙ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን መጠየቅ ይችላል።