ካምቢዮው ይውረድ ከመባሉ በፊት

ካርቱም ሁለት እኖርበት የነበረው ቤት በር ላይ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበር። ዓርብ፣ ሱቁም መሥሪያ ቤቱም ሲዘጋ፣ ጥላው ሥር አንዲት አሮጌ ሃይሉክስ ትቆማለች። ሱዳኖች እንዲህ ዓይነቷን ፒካፕ «ቦክስ» ነው የሚሏት። ባለቤቷ ምግብ ቤት የነበራቸው እትዬ ናቸው፤ ሽንኩርቱም ከሰሉም ዱቄቱም በእሷ ይመላለሳል። ከሥሯ የሚተኙት ደግሞ ጋሼ የምላቸው መካኒክ ናቸው፤ ለሰፈሩ ሱዳኖች «ያ ኡስታ»። እኔ ቁልፍ አቀባይ ነኝ።

ሻይ ሲመጣ ምክርም አብሮ ይመጣል። መንገደኛው ቆም ይላል፣ ፔዳሉን አንዴ ይረግጣል፣ ወዲያው ይፈርዳል፦ «ከለቹ አልቋል፤ ጅርቦክሱን አውርዱት!» እኛ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ የምንለው ጣሊያን ጥሎልን በሄደው አፍ ነው፤ እነሱ ከለችና ጅርቦክስ የሚሉት ከእንግሊዝ ወስደው። ስሙ ይለያይ እንጂ ፍርዱ አንድ ነው። አዲስ አበባም ጎንደርም ይህንኑ ሰምቻለሁ።

እውነቱን ለማየት የሚሠራበትን መንገድ ማወቅ ይበቃል። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ብረት ቮላኖ ይባላል። የፍሪሲዮኑ ዲስክ በቮላኖውና በፕሬዠር ፕሌቱ መካከል ተጣብቆ የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ ያሳልፋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሹካ የሚባለው ብረት ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታውም የፕሬዠር ፕሌቱን ስፕሪንግ ይገፋል፣ ዲስኩ ይላቀቃል፣ ማርሽ ይገባል። እግርን ከዚህ ሁሉ ጋር የሚያገናኘው ግን፣ በእነዚህ ሃይሉክሶች ላይ፣ የፍሬን ዘይት ነው። ከፔዳሉ በላይ አንድ ፓምፕ፣ ታች ካምቢዮው ጎን ላይ ሌላ ትንሽ ፓምፕ፣ በመካከላቸው ቀጭን ቱቦ። የታችኛው ፓምፕ ከውጭ በሁለት ቡሎን የታሰረ ነው። ተኝቶ እጁን ለዘረጋ ሰው ይደርሳል።

ስለዚህ ፔዳሉ ወለል ድረስ ከገባ፣ ማርሹም እየተፋጨ አልገባም ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲስኩ አይደለም። ያለቀ ዲስክ ጠባዩ ሌላ ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ያኛው መላቀቅ አቃተኝ የሚል ነው፤ ይኼኛው መያዝ አቃተኝ። ሁለቱን መለየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለመያዙ፦ የእጅ ፍሬን ጠበቅ አድርጎ በከፍተኛ ማርሽ ፔዳሉን ቀስ ብሎ መልቀቅ። ሞተሩ ከጠፋ ዲስኩ ይይዛል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሩን ከቀጠለ ይንሸራተታል። ለመላቀቁ ደግሞ አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ፣ ሌላው ከሥር ሆኖ ከታችኛው ፓምፕ ወጥታ ሹካውን የምትገፋዋን ዘንግ ይይ። ዘንጓ ካልተንቀሳቀሰች ወይም በስሱ ብቻ ከነቃች፣ በሽታው ከካምቢዮው ውጭ ነው። የፓምፑን ላስቲክ ኮፍያ ገለጥ ሲያደርጉት እርጥብ ከሆነ ዘይቱን የሚይዘው የላስቲክ ጎሚኒ ሄዷል። በላይኛው በኩል ደግሞ ፔዳሉን ተከትሎ እግር ሥር የሚንጠባጠብ ዘይት ይመሰክራል።

ይህን የምለው ዋጋ ከፍዬበት ነው። ከጋሼ ጋር ከመተዋወቃችን በፊት፣ እትዬ ልከውኝ ያችኑ ሃይሉክስ አንድ ጋራዥ አስገብቼ ነበር። ፔዳሉን ረገጡት፣ ካምቢዮውን አወረዱት፣ አዲስ ዲስክ ገባ፣ ሁለት ቀን ቆምን። ስወጣ ፔዳሉ እንደገና ወለል ነካ። በኋላ ጋሼ የታችኛውን ፓምፕ ፈትተው ጣቴ ጫፍ ላይ ያስቀመጡልኝ የተበላች ጎሚኒ ነበረች፤ ዋጋዋ ከአንድ ሰው ምሳ ያንሳል። እትዬ ዝም አሉኝ፤ ከቁጣ ይልቅ ዝምታቸው ነበር የከበደኝ።

እዚህ ላይ ለካምቢዮ አውራጆቹም ፍትሕ ይገባል። ዘንጓ እስከ ጥግ እየተገፋች ፍሪሲዮኑ አልላቀቅ ካለ፣ ሹካው ተሰብሯል፣ ፕሬዠር ፕሌቱ ተበላሽቷል፣ ወይም ብዙ የቆመች መኪና ከሆነች ዲስኩ ቮላኖው ላይ በዝገት ተጣብቋል ማለት ነው። ያኔ ይውረድ።

የፍሬን ዘይት ሲጠፋ የሞተር ዘይት ጨምሮ መሄድም የተለመደ ነው። «ዘይት ዘይት ነው» ይባላል። የእነዚህ ፓምፖች ጎሚኒ የተሠራው ለፍሬን ዘይት ነው፤ የሞተር ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ያን ቀን ያደርሳል፣ በሳምንቱ ሁለቱንም ፓምፕ ያስቀይራል።

«ሞተሩ ካልወጣ ፍሪሲዮን አይቀየርም» የሚሉት ግን ከየት እንዳመጡት አውቃለሁ። ጋሼ ራሳቸው ሥራ የለመዱት አዲስ አበባ ቮልስ ሲፈቱ ነው። የቮልስ ሞተር ኋላ ነው ያለው፤ ከካምቢዮው ጋር በአራት ቦታ ይታሰራል፣ ለፍሪሲዮን ሲባልም የሚወጣው እሱ ነው። በአሮጌው ላንድሮቨር ደግሞ ወንበርና ወለል ተነቅሎ ካምቢዮው በጋቢናው በኩል ወደ ላይ ሲወጣ ያየ ሰው፣ ሁሉም መኪና እንዲህ ይመስለዋል። ሞተሩ ፊት ሆኖ የኋላ ጎማ በሚነዳ ፒካፕ ግን ሞተሩ በቦታው ይቆያል፤ ካምቢዮው ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ታች ይወርዳል። ሞተሩን መርሳት ግን አይቻልም። የካምቢዮው ተሸካሚ ብረት ሲፈታ ሞተሩ ወደ ኋላ ይጋደላል፤ ከሥሩ እንጨት አስደግፈው ካልደገፉት የያዙትን ላስቲኮች ይቀድዳል፣ ፊት ያለውንም ቱቦ ይጎትታል።

አንድ የሰፈር ልጅ ደግሞ መሪያቸው በቀኝ የሆኑት አሮጌ መኪኖች ፔዳላቸውም የተገለበጠ ነው ብሎ ተከራክሮኛል። እነዚህ መኪኖች ከግራ መንገድ ዘመን የቀሩ ናቸው፤ ሱዳን መንገዷን ከግራ ወደ ቀኝ ያዞረችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ እኛ ቀደም ብለን በ1956 ዓ.ም.። መሪው በየትኛውም በኩል ይሁን፣ ፍሪሲዮን በግራ፣ ፍሬን በመካከል፣ ነዳጅ በቀኝ ነው።

ወደ ማውረዱ ልመለስ። ክሪክ ብቻ ይበቃል የሚል ሰው ሥር አልተኛም፤ ጋሼም አይተኙም። ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም፤ ካምቢዮ ሲነቃነቅ መኪናውም አብሮ ይነቃነቃል። አራት ወፍራም ድጋፍ ይገባል፣ ጎማው ይታገዳል፣ የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞተሪኖ የሚፈታ ቁልፍ ከወፍራሙ ሽቦ ጋር ቢነካካ ብልጭታው ቀልድ አይደለም። ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም ዘንግ ከመፈታቱ በፊት በጠመኔ ይሰመርበታል፣ በነበረበት አቅጣጫ እንዲመለስ። አለዚያ መኪናዋ ፍጥነት ስትጨምር ትንቀጠቀጣለች፣ ያኔ ደግሞ «ፍሪሲዮኑ ነው» ይባላል። የማርሹ ዱላም ከጋቢና ውስጥ መውጣት አለበት፤ ኮፍያውን ወደ ታች ተጭኖ ወደ ግራ ማዞር ነው። ቀዳዳው ላይ ጨርቅ። በካርቱም አቧራ ያልተከደነ ካምቢዮ እስከ ማታ ግማሽ ሳህን አሸዋ ይጠጣል።

ካምቢዮው መሬት ላይ ከተኛ በኋላ የሚሠራው ስሕተት በእኔ ግምት ካለ ምክንያት ከማውረዱ ይብሳል። ያን ያህል ከተለፋ በኋላ «ሸራው ብቻ ይመታ» ይባላል፤ የዲስኩ መፋተጊያ ልባስ ማለት ነው። ሸራ ማስመታት ጥበብ ነው፤ አሜሪካ ሱዳን ላይ ከ1997 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በጣለችው ማዕቀብ ዘመን ደግሞ ብዙ መኪና በዚህ ጥበብ ነው የተንቀሳቀሰው። ነገር ግን የገፊው ኩሽኔታ ዕድሜው ከዲስኩ ብዙም አይበልጥም። በሳምንቱ መጮህ ቢጀምር ሥራው ከዜሮ ነው። የሞተሩን ዘይት ከኋላ የሚያግደው ፓራኦሊዮም እዚያው ፊት ለፊት ተጋልጧል። እያለቀሰ ከሆነ አዲሱ ሸራም ዘይት ይጠጣል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ይንሸራተታል። በቤንዚን ታጥቦ ይመለሳል የሚሉ አሉ። ፊቱ ይጸዳል፤ ሲግል ከውስጥ ያልበዋል።

ሸራውን በኮምፕሬሰር ነፍቶ ማጽዳትስ? የአሮጌ መኪኖች የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ በአስቤስቶስ የተሠራበት ዘመን ረጅም ነው፤ የአስቤስቶስ ብናኝ ደግሞ ሳንባ ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል፣ በሽታው የሚታየውም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጋሼ ውኃ ረጭተው በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉታል፣ ጨርቁን ይጥሉታል። ለምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ነው የለመድኩት።

ዲስኩ ፊትና ኋላ አለው። ስፕሪንጎቹ ያበጡበት ጎን ወደ ካምቢዮ ይዞራል፤ ገልበጥ ካለ ሁሉም ነገር ታስሮ፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም። ከዚያ ዋናው ጣጣ ማማከል ነው። የካምቢዮው ዘንግ በዲስኩ መካከል አልፎ ቮላኖው መሐል ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ ውስጥ መግባት አለበት፤ ዲስኩ በሁለት ሚሊ ሜትር ከመሐል ከወጣ አይገባም። ለዚህ የሚሸጥ መሣሪያ አለ። ጋሼ ግን አንድ ዓርብ የሃይሉክሷን ሸራ ሲቀይሩ የመጥረጊያ እጀታ ቆርጠው፣ ጫፏን በቢላ ሞርደው በትንሿ ኩሽኔታ ልክ አሾሏት፤ ዲስኩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ፕላስተር ይጠመጥማሉ፣ ያስገባሉ፣ ያወጣሉ፣ አንድ ዙር ይጨምራሉ፣ ደግሞ ያስገባሉ። ስትገባ ወደ ጎን መወዛወዝ እስክትተው ድረስ። ከዚያ የፕሬዠር ፕሌቱን ቡሎኖች በተቃራኒ እየተሻገሩ፣ እያንዳንዱን በትንሽ በትንሹ አጠበቁ። እንጨቷን ሲስቧት ቀጥ ብላ ወጣች።

ካምቢዮው አልገባ ሲል «በቡሎን እየሳብክ አስገባው» ይባላል። በእጅ ካልገባ አንድ ነገር ተሳስቷል፤ ወይ ዲስኩ አልተማከለም፣ ወይ የዘንጉ ጥርስ አልተገጣጠመም። በቡሎን የተጎተተ ካምቢዮ ጆሮው ይሰነጠቃል። ክብደቱን ዘንጉ ላይ ሰቅሎ እጅ ማሳረፍም ያው ነው፤ የዲስኩን መሐል ያጣምመዋል። ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ዘንግ በእጅ ትንሽ እያዞሩ መግፋት ነው። «ጭልጥ» ብሎ ሲገባ ይሰማል።

የካምቢዮ ዘይትን በተመለከተ፣ ለዲፈረንሻል የተገዛውን ጂኤል 5 ለካምቢዮም መሙላት «ይበልጥ ጠንካራ ነው» በሚል ይወደዳል። ጠንካራነቱ ከሚጨመርበት ድኝ ነው፤ ድኙ ደግሞ ማርሽ ሲቀየር የሚፋተጉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል። የመኪናዋ መጽሐፍ ጂኤል 4 ካለ ጂኤል 4 ነው።

የቀረው ስለ እግር ነው። ካርቱም ሜዳ ናት፤ ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙባት ከተማ ዳገት የላትም፣ ስለዚህ እዚህ ፍሪሲዮን አይቃጠልም ሲሉ ሰምቻለሁ። ፍሪሲዮን የሚያቃጥለው ዳገት ሳይሆን መንሸራተት ነው። አሸዋ ውስጥ የገባች ቦክስን ግማሽ ፔዳል ይዞ ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲያወዛውዝ የዋለ ሰው፣ ዳገት ከወጣው በላይ ያቃጥላል። በመብራት ላይ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ የሚቆመውም ፍሪሲዮኑን ይጎዳል፤ እግሩ የማይከብድ ይመስለዋል፣ ኩሽኔታው ግን ሳያርፍ ይሽከረከራል።

ጋሼ ሸራውን በቀየሩበት በዚያ ዓርብ ማታ እትዬ መጡ። «እንግዲህ አዲስ ከሆነ ነገ ገዳሪፍ ትሂድልኝ፣ ጭነት አለኝ» አሉ። ጋሼ እጃቸውን በጋዝ እየታጠቡ፣ «እትዬ፣ አዲስ ሸራ መጀመሪያ ቮላኖውን ይለማመድ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ቀለል ባለ ጭነት፣ ከተማ ውስጥ» አሏቸው። ተከራከሩ። በመጨረሻ ሽንኩርት ብቻ፣ ኡምዱርማን ገበያ ድረስ ብቻ ተባለ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሃይሉክሷ ዛፉ ሥር ስትቆም ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ተኙ፣ አፍንጫቸውን ሹካው ወደሚገባበት ቀዳዳ አስጠጉና አሸተቱ። ከዚያ ተነሥተው ሻያቸውን ጠየቁ።